«አዎ» ብላ የጠፋችው

ሳሊሀ መጻፍ ካቆመች አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ጣሪቅ ቀን አልቆጥርም ብሎ ነበር፤ ግን ጅማ ውስጥ ሄርማታ ገበያ ዳር ያለችውን የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቁን ጠዋት ጠዋት ሲከፍት ቁጥሩ ሳይጠራው ይመጣበታል። ትናንት አሥራ አንድ፣ ዛሬ አሥራ ሁለት። ከዚያ ስልኩን ያወጣል፣ የመጨረሻ መልእክቷን ያያል፣ መልሶ ኪሱ ይከተዋል። መልእክቷ አንዲት ቃል ናት። «አዎ።»

ሰው እንዴት «አዎ» ብሎ ይጠፋል?

ጣሪቅ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ቤተሰቦቹ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሄርማታ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ስማቸው የተከበረ ነጋዴዎች ናቸው። እሱ ግን ጨርቁን ለወንድሞቹ ትቶ የተበላሸ ኮምፒውተር መፍታትና መግጠም መረጠ። አባቱ ካረፉ ወዲህ ከእናቱ ከወይዘሮ ዘይቡ ጋር በትልቁ ቤት ይኖራል። ቤቱ እንግዳና ዘመድ አያጣም። ጣሪቅ መሀላቸው ይቀመጣል፣ ሲያወሩ ያዳምጣል፣ ሲስቁ ፈገግ ይላል፤ ሲነሱ ግን አንድም ቃል ከልቡ እንዳልወጣ ይታወቀዋል። ሥራ በቀዘቀዘ ሰዓት መጽናኛው አንድ ጌም ነበር።

ጌሙ ተሽከርካሪ የሚሠራበት ነው። ብሎን ከብሎን፣ ሽቦ ከሽቦ እያገናኙ መኪናም፣ ባቡርም፣ መርከብም ሠርተው ይነዱበታል። ከየአገሩ ሰዎች በኢንተርኔት ገብተው አብረው ይሠራሉ። ባለፈው ኅዳር፣ «ጊቤ» የሚል ስም የያዘች አንዲት ተጫዋች የሠራችው ጀልባ ጣሪቅ ፊት ፈነዳ። ተጫዋቿ ባሕር መሀል እየዋኘች በላቲን ፊደል «ዋዮ» ብላ ጻፈች።

ጣሪቅ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሳቀ። እንዲህ ብሎ የሚደነግጥ ሰው ኦሮምኛ ሲነገር እየሰማ ያደገ ሰው ብቻ ነው። ከየት ነሽ ሲላት ከአሰንዳቦ አለችው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ። ከዓለም ዳር የመጣች የመሰለችው ሰው የጎረቤት ከተማ ልጅ ሆና ተገኘች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ተጻጻፉ። የመርከቡን አካል እሷ ትቀርጻለች፣ የውስጡን ሽቦ እሱ ይዘረጋል። እጇ ልዩ ነበር፤ የምትሠራው መርከብ ሁሉ ውሃ ላይ ሳይወርድ ገና የሚንሳፈፍ ይመስላል። ቀስ በቀስ ወሬው ከመርከብ አለፈ። ጥር ላይ እውነተኛ ስሟን ነገረችው። አባቷ አቶ ሸኩር ከስልጤ መጥተው አሰንዳቦ የሰፈሩ፣ መንገድ ዳር ባለ ወፍጮ ቤት የሚሠሩ ሰው መሆናቸውን ነገረችው። እሱም ለማንም ያልነገረውን ነገራት፤ አባቱ ያረፉ ቀን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ እንባ እምቢ ብሎት በረንዳ ላይ የተበላሸ ሬዲዮ ሲጠግን እንደዋለ። «ታዲያ ያ ለቅሶ አይደለም እንዴ?» ብላ መለሰችለት። ያንን መልእክት ስንት ጊዜ እንዳነበበው አላህ ይወቀው።

አንድ የማይገባው ነገር ብቻ ነበር። ጣሪቅ መጻፍ ሲታክተው ድምፁን ቀድቶ ይልክላታል፤ እሷ ግን አንድም ቀን በድምፅ መልሳ አታውቅም። ወይ የነገራትን ሳትጠቅስ ሌላ ታወራለች፣ ወይ «ይሄን ጻፍልኝ» ትለዋለች። ጨዋ ቤት ያደገች ልጅ ድምጿን ለወንድ አትሰድም ብሎ ራሱን አሳመነ። እንዲያውም ወደደላት። መጋቢት ላይ ልደውልልሽ ሲላት «መደወሉ ይቅር። ጻፍልኝ፤ ጽሑፍህን እወደዋለሁ» አለችው። ያቺን «እወደዋለሁ» ይዞ ሳምንት ሙሉ ዋለ አደረ።

ሚያዝያ ላይ ግን ሁሉም ነገር ተበላሸ።

በጌሙ ውስጥ ትልቁ ፈተና ሪአክተር ነው። መርከብን ከሚያንቀሳቅስ ኃይል ሁሉ የሚበልጠው የኒውክሌር ማብላያ። ሲግል በውሃ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ግለቱ ልኩን ሲያልፍ ሳይረን ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ሳሊሀ የምትጠብቀው ሪአክተር ሁሉ ይፈነዳ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠይቃዋለች። «ውስጡን የሚያሳይ ስክሪን ሥራልኝ። ግለቱን፣ የእንፋሎቱን ግፊት፣ የውሃውን መጠን። ስንት ሰከንድ እንደቀረኝ ብቻ ባየው።» ጣሪቅ ሁለቱንም ጊዜ ሳይረኑ ይበቃል ብሎ አለፋት።

ሁለት ወር ሙሉ የሠሩትን በረዶ ሰባሪ መርከብ ለሌሎች ተጫዋቾች ያሳዩበት ቀን፣ ስምንት እንግዶች ተሳፍረው ነበር። ጣሪቅ መሪው ላይ፣ ሳሊሀ ሪአክተሩ ክፍል። መርከቡ ከወደቡ ርቆ ሳይሄድ ለሁለት ተሰንጥቆ ሰመጠ። እንግዶቹ በየቋንቋቸው ተሳሳቁ። ጣሪቅ አፈረ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ክፉ ይናገራል። ሁሉም በሚያዩት ቦታ አልጻፈውም፤ ለእሷ ብቻ ነበር የጻፈው።

«ሳይረኑ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጮኸ። ደንቆሮ ነሽ እንዴ?»

መልሷ ጥቂት ቆይቶ መጣ። «አዎ።»

ተናዳ ያሾፈችበት መሰለው። «እንዳሻሽ» ብሎ ጻፈላትና ኮምፒውተሩን ዘጋ። ማታውኑ ተጸጸተ። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቃት፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ፣ በአምስተኛውም። መልስ የለም። አሁን አሥራ ሁለት ቀን ሆነ፤ ገበያው ግርግር ነው፣ ሱቁ ደንበኛ አላጣም፣ ጣሪቅ ግን ኅዳር ሳይመጣ በፊት ከነበረበት ወደ ባሰ ብቸኝነት ገባ። ያኔ ምን እንደጎደለው አያውቅም ነበር፤ አሁን ስም አለው።

* * *

ሳሊሀ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ነው መስማት ያቆመችው። ማጅራት ገትር ይዟት አሥራ አምስት ቀን ራሷን ሳታውቅ ከረመች። ስትነቃ አባቷ አልጋዋ ዳር ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ከቤታቸው አጠገብ ያለው ወፍጮ ቆሟል ብላ አሰበች። ወፍጮው እየሠራ ነበር።

ንግግሯ አልጠፋም። ግን ራሷን ስለማትሰማው ድምጿ ከዓመት ዓመት እየተለወጠ ሄደ። ስድስተኛ ክፍል እያለች መምህሩ አስነስተው አስነበቧት፤ ክፍሉ ሲስቅ አየች። ሳቅ ለመስማት ጆሮ አያስፈልግም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአባቷ በቀር ለማንም አፏን አልከፈተችም። እናቷ ቀድመው ስለሞቱ የምታወራቸው እሳቸውን ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰዎች «እሷ አትሰማም» እያሉ ፊቷ ላይ ያወሩባታል። እሷ ግን ከንፈር ማንበብ ተምራለች፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። «ቁንጅናዋ ምን ያደርግላታል» ሲሉ ታያቸዋለች። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሚዛኑ ጋ ተቀምጣ የሰው እህል ትመዝናለች፣ ሰውም የእሷን ዕድል ይመዝናል።

ላፕቶፑን የገዛላት ሳውዲ የሠራው አጎቷ ነው። ጌሙ ውስጥ ስትገባ ማንም የማንንም ከንፈር አያይም። አብዛኛው ሰው ይጻጻፋል። አምስት ወር ሙሉ ሰሚ ሆና ኖረች። ጣሪቅ ዘንድ ደግሞ ከሰሚም በላይ ሆነች፤ የሚጠብቃት ሰው ያላት። እነግረዋለሁ እያለች ዛሬን ለነገ ስታሳልፍ፣ ያ መልእክት መጣ። ደንቆሮ ነሽ እንዴ?

መልእክቱን ደግማ አነበበችው። አንድ ጊዜ ልዋሽ አለች፣ አንድ ጊዜ ልዝጋው አለች። በመጨረሻ ደከማት። እውነቱን በአንዲት ቃል ጽፋ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ጠበቀች። ምን ማለትሽ ነው ይለኛል ብላ ጠበቀች። «እንዳሻሽ» አላት።

በማግስቱ የላከው ደግሞ ባሰ። ጽሑፍ አልነበረም። የተቀዳ ድምፅ ነው፣ አርባ ሰከንድ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ድምፅ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ። በአምስተኛው ሌላ። መስማት እንደማልችል ነግሬው ድምፅ ይልክልኛል፤ እንዲህ አድርጎ የሚቀልድ ሰው ነበር እንዴ ስወደው የኖርኩት ብላ አሰበች። ለአባቷ አሰምቶ ማስተርጎም አሳፈራት። ስልኩን ልብሷ መሀል ቀበረችው። አባቷ ምን ሆነሻል ሲሏት ምንም አለች። አቶ ሸኩር ልጃቸው ስትዋሽ ከንፈሯ እንዴት እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ግን አልገፏትም።

* * *

ጣሪቅ ስክሪኑን መሥራት የጀመረው በስድስተኛው ቀን ነበር። ይቅርታው እምቢ ሲለው፣ የጠየቀችውን ነገር ሠርቼ ላኑርላት አለ። ሁለት ጊዜ የለመነችኝን ሁለት ጊዜ ንቄያታለሁ ብሎ ራሱን ወቀሰ።

እንዳሰበው ቀላል አልነበረም። ጌሙ የሪአክተሩን ግለት ቁጥር አድርጎ ይሰጣል፤ ጣሪቅ ያንን ቁጥር አውጥቶ ስክሪን ላይ የሚያሳይ፣ ማንም ተጫዋች መርከቡ ላይ ሊገጥመው የሚችል ተጨማሪ ዕቃ ነበር የሚሠራው። መጀመሪያ ቁጥሩ በየቅጽበቱ ስለሚቀያየር ዓይን አይዘውም፤ እንደ ዝንብ ይርገበገባል። በሰከንድ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲለወጥ አደረገው። ቀጥሎ ግለቱን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ከፈለው። የእንፋሎቱን ግፊትና የማቀዝቀዣውን ውሃ በሁለት ጎን አቆመ። ከሁሉ ያስቸገረው እሷ የፈለገችው ነው፤ ስንት ሰከንድ እንደቀረ። ለዚያ ግለቱ ምን ያህል ሞቀ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ፈጥኖ እየሞቀ ነው የሚለውን ማስላት ነበረበት። መብራት ሲጠፋ ወረቀት ላይ ያሰላዋል፣ ሲመጣ ይሞክረዋል። ደንበኛ የሰጠው ላፕቶፕ ሁሉ ቀን አለፈበት።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ስክሪኑን ለመፈተን አንድ ሪአክተር አስነሣ። ወዲያው የዐስር አዛን ከመስጊዱ ተሰማ። እንደ ልማዱ የኮምፒውተሩን ድምፅ አጠፋ። አዛኑ አልቆ ዱዓውን አድርጎ ሲመለስ ድምፁን መልሶ መክፈት ረሳ፤ በቁጥሩ ተይዞ አንዱን ስሌት ሊያስተካክል ስክሪኑን ከመርከቡ ነቀለው። አቀርቅሮ ሲጽፍ ቆየ። ቀና ሲል መርከቡ የለም። ባሕሩ ላይ ስብርባሪ ይንሳፈፋል።

ሳይረኑ መች ጮኸ? አለ። ከዚያ ድምፁን ማጥፋቱ ትዝ አለው።

በቃ፣ ይሄው ነው፤ መጀመሪያ ያሰበው ይህን ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩን ሊነካ እጁን ዘረጋ። እጁ ሳይደርስ ቀረ።

ያለ ድምፅ ከሆነ ይሄ ጌም እንዲህ ነው። ሁለቱ ደቂቃ እንዳልነበረ ያልፋል። ሳሊሀ የምትጠብቀው ሁሉ ይፈነዳ የነበረው እንዲህ ነው። ሌሎቹ ተጫዋቾች በማይክ ሲያወሩ «ምን አለ?» ብላ የምትጠይቀው። ይሄን ጻፍልኝ የምትለው። መደወሉ ይቅር ያለችው። እና ያቺ ቃል።

አዎ።

ስታሾፍ አልነበረም። ጠይቋት ነበር፣ መለሰችለት። እሱ ደግሞ እንዳሻሽ አላት።

ጣሪቅ ስልኩን አወጣ። የላከላትን ይቅርታዎች ከፈተ። ሦስቱም የተቀዳ ድምፅ ናቸው፤ ጽሑፍ ጸጸቱን አይችለውም ብሎ ነበር በድምፁ የላከው። አንዱን አስነሣው። የራሱ ድምፅ ባዶው ሱቅ ውስጥ እንዲህ ብሎ ጀመረ፦ «ሳሊሀ፣ እባክሽ ስሚኝ።» ሁለተኛውም እንዲሁ ይጀምራል፤ ስሚኝ። ሦስተኛውን መክፈት አልቻለም።

የሱቁን መዝጊያ ግማሽ ድረስ አወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ። አባቱ ያረፉ ቀን እምቢ ያለው እንባ ያን ቀን መጣ።

* * *

ስክሪኑን ጨርሶ ተጫዋቾች ሁሉ በሚያገኙት ገጽ ላይ አወጣው። ስሙን «ጊቤ» አለው። ከሥሩ በአማርኛ አንድ ቃል ጨመረ፤ «ለጠየቀችው»። ለእሷ ግን መልእክት አልላከም። ይሄ ነገር ፊት ለፊት ካልሆነ አይሆንም ብሎ ወሰነ።

ከመሄዱ በፊት ልቡ ያረፈባት ልጅ እንዳለች ለእናቱ ነገራቸው። ወይዘሮ ዘይቡ ከመስገጃቸው ላይ ሳይነሱ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሰሙት። የወፍጮ ሠራተኛ ልጅ መሆኗን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩት። እንደማትሰማ ሲነግራቸው መቁጠሪያው ቆመ።

«ኢልማ ኮ» አሉት፤ ልጄ ሲሉ ነው፣ ልባቸው ሲነካ ኦሮምኛው ይቀድማል። «እኔ ድኻ አልንቅም፣ አላህ የፈጠረውንም አላንቋሽሽም። ግን ይሄ ቤት እንግዳ የማይለየው ቤት ነው። ሰው ሰላም ሲላት የማትመልስ ምራት ይዤ ምን እላለሁ? ልጅስ ብትወልድ፣ ሲያለቅስ ማን ይነግራታል?»

«መብራት እሠራላታለሁ» አለ ጣሪቅ። «ልጁ ሲያለቅስ የሚበራ።»

ቀልድ እንዳልሆነ ከፊቱ አዩ። አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። እሱ ብዙ ሊነግራቸው አስቦ ነበር፤ ከዚህ የሚበልጥ ግን አላገኘም። ጫማውን አጥልቆ ደጃፉን ሊያልፍ ሲል ከኋላው ተጣሩ።

«ለመሆኑ ስሟ ማነው?»

ነገራቸው። ወይዘሮ ዘይቡ ስሙን ለራሳቸው አንድ ጊዜ ደግመው መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ስላዞሩ ምን እንዳሰቡ አላየም።

* * *

አሰንዳቦ ሲደርስ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ገና መምጣቱ ነበር፤ ወፍጮ ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። ማሽኑ መሬቱን ያንቀጠቅጣል። የዱቄቱ ብናኝ በሩ ላይ ከወደቀው ፀሐይ ጋር ተደባልቆ ውስጡን ጉም አስመስሎታል። ጣሪቅ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ የሆነ አንድ ሽማግሌ አየ። አቶ ሸኩር መሆናቸውን ሳይጠይቅ አወቀ።

ጠጋ ብሎ ሰላም አላቸው፤ አልሰሙትም። መንገድ ሙሉ ሲያጠናው የመጣውን ተናገረ።

«ማል ጄቴ?» አሉት ጆሯቸውን በእጃቸው ደግፈው። ምን አልክ ነው። «አይሰማም፤ ጮክ በል።»

ጮክ ብሎ ደገመው። ማሽኑ ዋጠው። በሦስተኛው ጊዜ ባለው አቅም ሁሉ፣ «ጋሼ፣ እኔ ጣሪቅ እባላለሁ። ልጅዎን አስቀይሜያታለሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁት» አለ። አቶ ሸኩር አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልሰማሁም። እህል ይዘው የቆሙት ሴቶችም ከንፈሩን እያዩ ግራ ገባቸው።

በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሰማችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ከሚዛኑ ኋላ፣ ሻሿ ላይ ዱቄት የተነሰነሰባት፣ የመዘነችውን ከረጢት አፍ በእጇ እንደጨበጠች የቀረች። ጣሪቅ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ፎቶዋን አይቶ አያውቅም። ግን ያን ሁሉ ጩኸት አልፎ አንድ ሰው ብቻ እንደገባው ከዓይኗ አየ።

ሳሊሀ ከረጢቱን ለቀቀች። መጥታ አባቷ ፊት ቆመችና ያለ ድምፅ፣ በከንፈሯ ብቻ አንድ ነገር ነገረቻቸው። አባትና ልጅ ወፍጮ ቤት ውስጥ ዘመን ሙሉ ያወሩት እንዲህ ነበር። አቶ ሸኩር ልጁን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ማሽኑን ለሠራተኛ አስረከቡና በእጃቸው ወደ ውጭ አመለከቱት።

ከግድግዳው ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ነበር። አቶ ሸኩር አንዱ ጫፍ፣ ጣሪቅ ሌላው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሳሊሀ ቆመች፤ ፊቱን ለማየት መቆም ነበረባት።  ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ከአባቷ በቀር ማንም ያልሰማውን ድምጿን አወጣች። ከፍ ዝቅ የሚል፣ የቃላቱ ዳር የተሸረፈ ድምፅ ነው። እየተናገረች ዓይኗን ከፊቱ አላነሳችም፤ ፊቱ ሲለወጥ ለማየት ትጠብቅ ነበር።

ጣሪቅ የመጨረሻው ቃል አልገባውም። የገባው ሊያስመስል ይችል ነበር። «ድገሚልኝ» አላት። «የመጨረሻው አልገባኝም።»

 አፏን ሳትዘጋ በፊት ሰው ሁሉ ሳይገባው እሺ እሺ ይላት ነበር። ቀስ ብላ ደገመችለት። «ስክሪኑን አይቼዋለሁ። ስትጀምረው ታውቅ ነበር? አዝነህልኝ ነው የሠራኸው?»

«ስጀምረው ምንም አላወቅሁም ነበር። ያወቅሁት ሊያልቅ ሲል ነው።»

«ታዲያ ሳታውቅ ለምን ሠራኸው?»

«ስለጠየቅሽኝ» አላት። «ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኝ ነበር።»

ሳሊሀ አንገቷን ደፋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አቶ ሸኩር ሊነሱ ሲሉ በእጇ መለሰቻቸው። ቀና ስትል ጉንጯ ላይ ዱቄቱ በእንባ ተሰንጥቋል።

«አዝኖልኝ የሚሰጠኝ ሰው ሞልቷል» አለች። «ጠይቄ የተሰጠኝ ግን ይሄ መጀመሪያዬ ነው።»

ያንን ክፉ ቃል መልሶ መዋጥ ቢችል እንደሚመኝ ነገራት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ቃሉ እውነት ስለሆነ አላመመኝም አለችው፤ ያመማት እንዳሻሽ ማለቱ ነው። ከዚያ ድምፅ መላኩ። ጣሪቅ አላስተባበለም። ድምፁ ውስጥ ምን ብሎ እንደነበር አንድ በአንድ፣ ሦስቱንም፣ ፊቷን እያየ ነገራት። ስሚኝ የሚለው ላይ ሲደርስ ምላሱ ተሳሰረ። ሳሊሀ ያን ጊዜ ብቻ፣ በእንባዋ መሀል፣ ትንሽ ፈገግ አለች።

አቶ ሸኩር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቱ እዚህ መምጣቱን ያውቁ እንደሆነ ጠየቁት። ያውቃሉ አለ። ደስ ብሏቸዋል ወይ አሉት። አላላቸውም አለ፤ መዋሸት አልፈለገም። ሽማግሌው ለእውነቱ አመሰገኑት። ድኻ ነኝ፣ ግን ልጄ የማንንም ቤት በጓሮ በር አትገባም አሉ።

ሳሊሀ የአባቷን ከንፈር አይታ ወደ እሱ ዞረች። «እናትህ ራሳቸው ይምጡና ይዩኝ» አለችው። «እስከ አረፋ እጠብቃለሁ። ካልመጡ አንተም አትምጣ። ጻፍልኝ፤ ግን አትምጣ።»

ይህን ስትል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። የሻሿን ጫፍ ግን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ነበር። ጣሪቅ እሺ አለ። ለብቸኝነት አዲስ ያልሆነ ሰው እሺ ማለት አይከብደውም ነበር፤ ዛሬ ግን ከበደው።

አስፋልቱ ዳር ድረስ አባትና ልጅ ሸኙት። ወደ ጅማ የሚመለስ ሚኒባስ ቆመ፤ ረዳቱ ግባ ግባ ይላል። ጣሪቅ አንድ እግሩን አንሥቶ ሳለ ሳሊሀ እጅጌውን ያዘችው። አባቷ ወደ መንገዱ ማዶ ማየት ጀመሩ።

«ስሜን በለው» አለችው።

«ምን?»

«ስሜን። ጽፈኸዋል እንጂ ከአፍህ ሲወጣ አላየሁትም።»

ጣሪቅ ወደ እሷ ዞሮ ቀስ አድርጎ አለው። ሳሊሀ። ከንፈሩን እንደ ደብዳቤ አነበበችው።

«ድገመው» አለች።

ደገመው። ረዳቱ በሩን መታ፣ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ እሱ ግን ሦስተኛ ደገመላት። ከዚያ ገብቶ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። መኪናው ሲነሳ እሷ ከአስፋልቱ ዳር አልተንቀሳቀሰችም፤ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። ጣሪቅ ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ ያለ ድምፅ ይለው ጀመር፤ እሷ ከዓይኑ እስክትሰወር፣ ከተሰወረችም በኋላ። አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት እናት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይተው ዚክር ይዞ የአላህን ስም የሚደጋግም መሰላቸው። እንዳይረብሹት ቅርጫታቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አድርገው ቦታ ለቀቁለት።